እማዬን ለማምጣት ጓዳችንን የበላንበት ወራት

እናቴ ልጄን ማዘል እንዳማራት የነገረችኝ በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው የቆሻሻ ፌስታል ይዤ ሊፍት ስጠብቅ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ደግሞ የራሷ በሶ ነበር። ነቀዝ ገብቶበት ልጥለው ነው። ስልኩ በቪዲዮ ስለሆነ ፌስታሉን ከኋላዬ ደብቄ፣ ፊቴን ብቻ እያሳየሁ፣ ደህና ነሽ ወይ እንባባላለን።

«ከተራመደች በኋላማ ማን ይታዘልልኛል?» አለችኝ። «እግሩን የለመደ ልጅ ጀርባ ላይ አይረጋም። አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። ሳትራመድ አንድ ጊዜ ባዘልኳት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላማረኝም።»

ዘንድሮ እንደማይሆን ነገርኳት። ለትኬቱም ለቪዛውም የሚሆን አልተረፈንም አልኳት፤ ይኼ እውነት ነበር። እሷም አልተቀየመችም፤ እሱ ያውቃል ብላ ወደ ሌላ ወሬ ገባች። ልንሰነባበት ስንል ያ የላከችው በሶ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልቋል እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ አልኩና ወርጄ በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት።

እዚህ ላይ የቤተሰባችንን ሕግ መናገር አለብኝ። እናቴ ስለላከችው ምግብ ስትጠይቅ «አለ» አይባልም። አለ ካልካት አልጣፈጣቸውም ማለት ነው፣ ወይ ሽሮው ጨው በዝቶበታል፣ ወይ እኔ ባዕድ ሆኛለሁ፣ ወይ ባሌ የእሷን እጅ ንቋል። ሳምንት ሙሉ አትተኛም። ስለዚህ ሁሌም አልቋል ነው። አልቋል ስትባል ደግሞ ደስ ይላትና ሌላ ታዘጋጃለች። ከዚያ አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ይደውልልኛል፤ ከደብረ ብርሃን እናትሽ ትንሽ ነገር ልከዋል፣ መጥተሽ ውሰጂ ይለኛል። ያቺን ትንሽ ነገር ለመሸከም ባሌን ይዤው እሄዳለሁ።

የምንኖረው ዓረብ አገር፣ አል ሙንተዛህ የሚባል ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ውስጥ ነው። እኔ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባሌ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው፣ ቀኑን የሚያሳልፈው ሰናይያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ መጋዘኖችና ወርክሾፖች መሀል ነው። ልጃችንን ተቀባብለን ነው የምናሳድጋት። ሁለት ደሞዝ ይገባል፤ ሁለቱም ወዴት እንደሚሄድ ግን አናውቅም ነበር። ስንጨቃጨቅ እሱ የእኔን ኤሲ ያነሳል፣ እኔ የእሱን ከረክ። ኤሲውን ሥራ ስሄድ አላጠፋውም ነበር፣ ስመለስ ቤቱ እንዳይቆጣኝ። እሱ ደግሞ ያን ባለ ወተት ሻይ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ሱቁ በር ላይ ክላክስ አድርጎ፣ ጠዋትም ማታም ይገዛል። ሁለታችንም በጋራ የምንሠራው ጥፋት ደግሞ ምግብ ማዘዝ ነበር። ደክሞን እንገባለን፣ ምን አለ ይላል አንዱ፣ ምንም የለም ይላል ሌላው፣ ስልክ ይወጣል። ቁም ሳጥኑና ፍሪዘሩ እስከ አፋቸው ሞልተው ምንም የለም እንል ነበር።

የዚያን ቀን በሶውን ጥዬ ስመለስ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ከዚያ ፍሪዘሩን። ከዚያ አልጋ ስር ያለውን። ሁሉንም እያወጣሁ ሳሎኑ ወለል ላይ ደረደርኩት። ሽሮ በባልዲ፣ በርበሬ በባልዲ፣ ድርቆሽ በማዳበሪያ፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ አጃ፣ ሚጥሚጣ፣ ቋንጣ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ቅቤ፣ ልጄን በወለድኩ ጊዜ የተላከ የገንፎ ዱቄት፤ እሱ ብቻውን ለአንድ ሰፈር አራስ ይበቃል። ልጄ እየዳኸች መሀሉ ገብታ ቁጭ አለች። ባሌ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይስ ልትሄጂ ነው አለኝ።

«ይኼን እንበላዋለን» አልኩት። «እሱ እስኪያልቅ ከውጭ ምግብ አናዝዝም። የሚተርፈው እማዬን ያመጣል።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ከዚያ እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የዚያን ምሽት እንደ ሰከረ ሰው ነበርን። የበርበሬውን ባልዲ ከፍቶ አሸተተና አስነጠሰው፤ ልጄ ማስነጠሱ ጨዋታ መስሏት በሳቅ ፈረሰች። እሱም ደጋገመላት። የሚገርመው ገና አንድ ሳንቲም ሳናተርፍ እናቴ ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጠች ያህል ደስ ብሎን ነበር።

ደንቡን ያወጣው ባሌ ነው። ስልኩ ላይ ባንክ ውስጥ የተለየ ሂሳብ ከፈተና ስሙን «እማዬ» አለው። የሆነ ነገር ለመግዛት ሲያምረን እስከ መጨረሻው እናዝዛለን፤ እንመርጣለን፣ ዋጋውን እናያለን፣ ክፈል የሚለው ጋ ስንደርስ እንዘጋዋለን። ከዚያ ያንኑ ዋጋ ወደ እማዬ እናስገባለን። ከረኩም እንደዚያው። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሳይቆም ክላክስ ብቻ አድርጎ ያልፋል፤ ከውስጥ የሚወጣው አሳላፊ ግራ ተጋብቶ ያየው ነበር። ኤሲውን እኔ አጠፋሁ። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ይቆጣኛል፣ እኔም ፊቴን ታጥቤ እስኪበርድለት በረንዳ ላይ እቆያለሁ። መስከረም ስለነበር ሙቀቱ ገና ጥርሱን አልከተተም።

እራት የሚወሰነው በዕጣ ነው። አንዳችን ዓይናችንን እንጨፍንና ከቁም ሳጥኑ ሁለት ነገር እንመዛለን፤ የወጣው የዕለቱ እራት ነው። አንዳንድ ቀን ዕድል ቀንቶን ድርቆሽና ቋንጣ ይወጣል፣ ንጉሥ እንሆናለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተልባና ሚጥሚጣ ይወጣል። ያን ቀን ያበሰልኩትን ነገር ስም እስከ ዛሬ አላወጣሁለትም። ባሌ ግን አሟጦ ጨርሶ፣ ሳህኑን ጠርጎ፣ ይኼን ሬስቶራንት ቢሆን ከፍለንበት እናለቅስ ነበር አለ። እኔ ወደ ሥራ በሶ በጥብጬ በጠርሙስ መያዝ ጀመርኩ። አጠገቤ የምትሠራው ህንዳዊት የጂም ዱቄት መስሏት የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። አይሸጥም፣ እናቴ ናት የምትሠራው አልኳት። እናትሽ ስፖርተኛ ናት ወይ አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው የባሌ ትጋት ነበር። ያለመግዛት ጣዕሙ ገባው። መጀመሪያ በርገር አላዘዘም። ከዚያ ለሁለት ሰው የሚሆን ዓሣ አላዘዘም። አንድ ሐሙስ ማታ ፈገግ ብሎ መጣና ስልኩን አሳየኝ፤ በሩዝ ላይ የተጋደመ፣ ለሠርግ የሚሆን ሙሉ የበግ መንዲ ሳያዝዝ ቀርቶ ዋጋውን በሙሉ ወደ እማዬ አስገብቶታል።

እንዲህ ያለ በግ በሕይወትህ አዝዘህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለ፣ ለዚህ እኮ ነው ትልቅ ቁጠባ የሆነው። በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ ጎድሎ ከእማዬ ላይ ልንበደር ሆነ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ሰው ያለመግዛት መብት ያለው የምር ሊገዛው የነበረውን ብቻ ነው። በጣም ከፋው። አንድ ሰሞን ከረኩን ብቻ እየቆጠበ አንገቱን ደፍቶ ዞረ።

ዓርብ ዓርብ እንግዳ አለን። የባሌ የአጎት ልጅ ሰናይያ ውስጥ የኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ክፍሉን ከሦስት ወንዶች ጋር ተጋርቶ ይኖራል። ድሮ እሱ ሲመጣ ከውጭ ነበር የምናዝዘው። አሁን ገንፎ ቀረበለት። መሀሉ ቅቤ የተሞላ፣ ዳር ዳሩ በርበሬ የተነሰነሰ። ማን ወለደ ብሎ ዙሪያውን አየ። ማንም እንዳልወለደ፣ ዱቄቱ ማለቅ ስላለበት እንደሆነ ነገርነው። በሚቀጥለው ዓርብም ገንፎ ነበር። በሦስተኛው ዓርብ በሩን ገና ሲገባ «ኸላስ፣ እኔም ወለድኩ ማለት ነው፤ አልጋ አንጥፉልኝ» ብሎ ሶፋው ላይ ተጋደመ። ቢሆንም ሁሌ ጨርሶ ነው የሚነሳው፣ ለክፍል ጓደኞቹም ሽሮ እየቋጠርኩለት ጓዳችን ማለቁን አገዘን።

አንድ ስም ያልተጻፈበት ከረጢት ግን ሁላችንንም አሸነፈን። አረንጓዴ የሚመስል ዱቄት ነው። ባሌ አብሽ ነው አለ፣ የአጎቱ ልጅ የሽፈራው ቅጠል ነው አለ፣ እኔ ከላቦራቶሪ መጥቼ እንኳ መለየት አቃተኝ። ምስር ወጥ ላይ ጨመርኩበት። የመጀመሪያውን ጉርሻ የወሰደው የአጎቱ ልጅ ነበር፤ ፊቱ ተጨማደደና ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ጌሾ ነበር። እናቴ ለልጄ ክርስትና ጠላ ብጠምቅ ብላ እዚህ አገር ጌሾ ልካለች። ያን ከረጢት ብቻ ሳንበላው ቀረን፤ እስከ ዛሬም አለ።

ደስታችን ሁሉ ውስጥ የሚያስፈራን አንድ ነገር ነበር። ልጄ መቆም ጀመረች። የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ትነሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች። ይባስ ብሎ ባልዲ ባለቀ ቁጥር ባዶውን እንሰጣት ነበር ለመጫወቻ። አንድ ቀን የሽሮውን ባዶ ባልዲ ደፍታ፣ በሁለት እጇ ተደግፋ፣ ሴራሚኩ ላይ እየገፋች ሄደች። እኔና ባሌ ተያየን። በበላን ቁጥር ለእግሯ ምርኩዝ እየሠራንላት ነው ማለት ነው። ባሌ ባልዲዎቹን ሰብስቦ ፍሪጁ ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ በቆመች ቁጥር በቀስታ ያስቀምጣታል። ቆይ አያትሽ ትምጣ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ ትሮጫለሽ ይላታል። ሌላው ወላጅ ልጁ እንዲራመድለት እጁን ዘርግቶ ይጠራል፣ እኛ ልጃችንን ቁጭ በይ እያልን እንለምናለን። እየሳቅን ነበር የምንለምናት፣ እኔ ግን ማታ ማታ ልቤ ይፈራ ነበር። እናቴን አንዲት ነገር አማረኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ሙቀቱ ሲበርድ፣ መስኮት ከፍተን ስናድር፣ «እማዬ» ሞላች። ባሌ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በኢቃማው፣ የጉብኝት ቪዛዋን ጠየቀ፣ ተሰጠን። ደውዬ ስነግራት ምን ይዤ ልምጣ አለችኝ። ምንም አልኳት። አንዲት ፍሬ ቆሎ እንዳታመጪ፣ እንጣላለን አልኳት። የአጎቱ ልጅም ስልኩን ተቀብሎኝ፣ እማማ ሻንጣዎ ከከበደ ኤርፖርት ያቆሙዎታል ብሎ አስፈራራት። አባቴ እንደማይመጣ ድሮም ተናግሯል። አውሮፕላን አልወድም፣ ቤቱንስ ማን ይጠብቃል ብሏል። እኛም ያጠራቀምነው ለአንድ ሰው ስለነበር አልተከራከርነውም።

እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ምክር ሰማች። ከኤርፖርቱ በር በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ወጣች፤ ውስጧ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና በዛጎል ያጌጠች አንቀልባ ብቻ ነበረች። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የአጎቱ ልጅ ሻንጣዋን እየጫነ፣ ልጄን አዘለቻት። ልጄ ትቃወማለች ብዬ ስፈራ ጉንጯን ጀርባዋ ላይ አስደግፋ ዝም አለች። መኪናው ውስጥ እንኳ አላወርዳትም አለች፤ ያላ እማማ፣ ወንበሯ ላይ ካላሰርናት ፖሊስ ይቀጣናል እያለ የአጎቱ ልጅ ለመናት። እኔ አለቀስኩ። መሪ የያዘው ባሌ ሳለቅስ ያላየ ለመምሰል ክላክሱን መነካካት ጀመረ።

ያን ቀን ቤታችን እንዴት እንደነበር ላስረዳ። ደሞዝ ገና አልገባም። ያለንን ሁሉ ጠራርገን ለትኬቱ ከፍለናል። ፍሪጁ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ፣ ግማሽ ሎሚና የልጄ እርጎ ብቻ ነበር ያለው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያ ጌሾ ብቻውን ቀርቷል። እኛ ደግሞ በዚህ ኮርተናል። ባሌ ባዶውን ፍሪጅ እስኪያብረቀርቅ በሆምጣጤ ወልውሎት ነበር። ለእንግዳዋ እራት ጎረቤት ካለው ትንሽ ምግብ ቤት ዶሮ በሩዝ ልናዝዝ አስበናል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፈል የሚለውን እስከ መጨረሻው ልንጫነው።

እናቴ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ቆየች። ስሄድ ፍሪጁን ከፍታ ቆማለች፤ ልጄ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፤ ፍሪጁ በሩ ተከፍቶ ስለቆየ ይጮኻል። ዘጋችው። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ዘጋችው። ውሃዋን ቀድታ ወጣች። እራት ሲመጣ አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ ብላ አልነካችም፣ ድርሻዋንም ለእናንተ ለነገ ብላ ከደነችው። እኔ ደክሟት ነው አልኩ።

ጠዋት ስነቃ ልጄን አዝላ በረንዳ ላይ ስልክ ይዛ ነበር። ከአባቴ ጋር ነው፤ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት ታወራለች።

«ልጅቷ ተቸግራለች» ትለዋለች። «ቤቷ ውስጥ ጭብጥ ዱቄት የለም። እኔም ምኗ ነኝ፣ እጄን እያወዛወዝኩ መጣሁ። አታምጪ አለችኝ፤ አፍራ ነው። የሚመጣ ሰው ፈልግ። በጓን ሽጣት።»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ለመናገር ፈለግኩ፣ ሳቁ ግን ቀደመኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። እናቴ በድንጋጤ ታየኛለች፣ ልጅቷ አበደች የምትል ይመስላል። ባሌ በፒጃማው ሮጦ መጣ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አልቋል ማለታችንን፣ ያላዘዝነውን በግ፣ የሦስቱን ዓርብ ገንፎ፣ ምስር ወጥ ላይ የገባውን ጌሾ። ነቀዝ የገባበትን በሶም አልደበቅኩም፤ ፊቷ ትንሽ ጨለመ፣ ወዲያው ግን ተመለሰ።

«የላክሽውን ሁሉ በልተን ነው ያመጣንሽ» አልኳት። «አልቋል ስልሽ የዛሬው ብቻ ነው እውነቱ።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሌን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ልጄ ጀርባዋ ላይ አብራ ትነቀነቃለች፣ ሳቁ ደስ ብሏት በእግሯ ትደበድባታለች፣ ልውረድ ማለቷ ነው። ባሌ ፍሪጁ ላይ የሰቀላቸውን ባልዲዎች አወረደና ለእናቴ አሳያት። እሷም አንድ በአንድ እየተቀበለች ለየችልን፤ ይኼ የፋሲካው ነው፣ ይኼ የአራስነትሽ ነው፣ ይኼኛውን ጎረቤቴ ናት አብራኝ የፈጨችው አለችን። ስልኩን መዝጋቱን ሁላችንም ረስተነው ነበር። ልጄን አወረደቻትና የሽሮውን ባልዲ ከፊቷ ደፋችላት። ልጄ ይዛው ተነሳች፣ እየገፋችም ወደ ሳሎን ሄደች። እናቴ አልከለከለቻትም። ዞራ አየችኝና፣

«የአባትሽ ትኬት በሽሮ ሲሰላ ስንት ባልዲ ይመጣል?» አለችኝ።

ሳንመልስላት፣ በረንዳው ወንበር ላይ ከተቀመጠው ስልክ የአባቴ ሳል ተሰማ። ሁሉንም ሲያዳምጥ ቆይቷል።

«እኔ ምለው» አለ ያ አውሮፕላን የማይወደው አባቴ፣ «እዚያ አገር ሱፍ ይለበሳል ወይስ ሸሚዝ ይበቃል?»